እጅን የምትጠብቅ ትንሽ ጋሻ
ስለ ጥንታዊው የአውሮፓ የሰይፍና የጋሻ ጥበብ ለጀማሪዎች የቀረበ ዲስኩር



ንግግሬን በዕቃ ልጀምር። ይህች በግራ እጄ የያዝኳት ክብ ብረት ጋሻ ናት። ስፋቷ ከዳር እስከ ዳር 30 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ የድስት ክዳን ታክላለች። መካከሏ ላይ ጎበጥ ያለ እምብርት አላት። ከእምብርቱ ጀርባ አንድ መያዣ ብቻ አለ፤ ክንድ የሚገባበት ማንገቻ የላትም። በምንኖርበት በእንግሊዝ አገር «ባክለር» ይሏታል።

አሁን ደረቴ ላይ ላስጠጋት። ምኔን ሸፈነች? ራሴ ውጭ ነው፤ ትከሻዬ ውጭ ነው፤ ጉልበቴ ውጭ ነው። አባቶቻችን ከጎሽና ከጉማሬ ቆዳ ይሠሩት የነበረውን ሰፊ ጋሻ ያየ ሰው ይህችን ቢያሳዩት «ይቺ ደግሞ ለምን ትሆናለች?» ማለቱ አይቀርም። እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነው።

ክንዴን ዘርግቼ ወደ ፊት ስገፋት ግን ነገሩ ይለወጣል። ፊት ለፊቴ የተቀመጣችሁ ሰዎች፣ አሁን ደረቴን ታያላችሁ? ጋሻዋ ወደ ተቀናቃኝ በቀረበች መጠን የምትዘጋው መንገድ እየሰፋ ይሄዳል። ቀኝ እጄን ከነሰይፉ ከአጠገቧ ሳደርግ ደግሞ ምሥጢሯ ይገለጣል። ይህች ጋሻ ከሁሉ አስቀድማ የምትጠብቀው ሰይፍ የያዘውን እጅ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ከዚህች አንዲት ነጥብ ይወጣል፤ ወደዚህችም ይመለሳል።

እጅ ለምን እንዲህ ይጠበቃል? የሚሰነዝር ሰው ከሰውነቱ ሁሉ አስቀድሞ ወደ ተቀናቃኙ የሚልከው እጁን ነው። ራሱ ገና ሩቅ ሳለ እጁ ቀርቧል። በ13ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን በአንድ እጅ ይይዙት የነበረው ሰይፍ መከላከያው አንድ አግዳሚ ብረት ብቻ ነበር፤ ከሩቅ ሲያዩት መስቀል ይመስላል። ጣትን ዙሪያውን የሚያቅፈው የብረት ቅርጫት የመጣው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ የዚያ ዘመን ሰው ሰይፍ የያዘ እጁን በጋሻዋ አጅቦ ይልከው ነበር። ጋሻዋ ቀላል ናትና ከሰይፉ ጋር ወገብ ላይ ተንጠልጥላ መንገድም ገበያም ትወጣ ነበር። እንግሊዝኛው «ስዋሽባክለር» የሚለው ቃል ሲነሣ ጋሻን በሰይፍ እያንኳኳ የሚፎክር ጎረምሳን የሚያመለክት ነበር። ፉከራን ለሚያውቅ ሕዝብ ይህን ማብራራት አያሻኝም።

አሁን ወደ መጽሐፉ ልለፍ። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሊድስ ከተማ የሚገኘው የሮያል አርመሪስ ቤተ መዘክር «አይ 33» በሚል መለያ የሚጠራ አንድ የብራና መጽሐፍ አለው። 32 ቅጠሎች፣ 64 ገጾች ያሉት ነው። የተጻፈው በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በጀርመን የፍራንኮኒያ ምድር እንደሆነ ይታመናል፤ በእኛ አገር ዓፄ ዓምደ ጽዮን በነገሡበት ዘመን አካባቢ ማለት ነው። በአውሮፓ እስከ ዛሬ ከተረፉት የሰይፍ ትምህርት መጻሕፍት በዕድሜ የሚቀድመው ይህ ነው፤ የሚያስተምረውም ሰይፍንና ትንሿን ጋሻ ብቻ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ዮሐንስ ሄርባርት የተባለ የሰይፍ መምህር ከአንድ የፍራንኮኒያ ገዳም እንዳወጣው ይነገራል። ኋላ በጀርመኗ ጎታ ከተማ በሚገኘው የመሳፍንት ቤተ መጻሕፍት ሲቀመጥ ኖሮ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከዚያ ጠፋ። በ1950 ለንደን ውስጥ ለጨረታ ሲቀርብ ተገኘና ዛሬ ሮያል አርመሪስ የሚባለው የለንደን ግንብ የጦር መሣሪያ ስብስብ ገዛው። ቤተ መዘክሩ በ1996 ሊድስ ላይ በሩን ከፈተ።

በመጽሐፉ ሥዕሎች ውስጥ የሚፋለሙት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ራሱን በቀሳውስት ልማድ የተላጨ ቄስ ነው፤ ሌላው ተማሪው። ሁለቱም ረጅም ቀሚስ ለብሰዋል። የራስ ቁርም ጥሩርም የላቸውም። ጽሑፉ አንዳንድ ቦታ ግጥም ነው፤ ግጥሙን የሚያብራራ ሐተታ ይከተለዋል። ንባቡ በላቲን ይሄድና ባለሙያዎች በአፋቸው የሚጠሩት ቃል ሲደርስ ጸሐፊው ወደ ጀርመንኛ ይገባል፤ «ላንግኦርት»፣ «ሀልፕሺልት»፣ «ሺልትስላክ» ይላል። ከአብነት ትምህርት ቤት በር የደረሰ ሰው ይህን አካሄድ ያውቀዋል። ንባቡ በግእዝ፣ ትርጓሜው በአማርኛ፣ መምህሩና ተማሪው ፊት ለፊት። መጽሐፉን በታተመ ቅጂ መጀመሪያ ሳገላብጥ ቄሱን በልቤ «የኔታ» ያልኩት ስለዚህ ነው፤ እስከ ዛሬም ሌላ ስም አላወጣሁለትም።

የኔታ ትምህርቱን የሚጀምረው ሰባት አቋቋሞችን በመቁጠር ነው። ላቲኑ «ጥበቃ» ወይም «ዘብ» እንደ ማለት ይጠራቸዋል፤ እኔም ዘብ ልበላቸው። አንደኛው ሰይፉን በግራ ብብት ሥር ማድረግ ነው። ሁለተኛው በቀኝ ትከሻ፣ ሦስተኛው በግራ ትከሻ፣ አራተኛው ከራስ በላይ፣ አምስተኛው በቀኝ ጎን፣ ስድስተኛው በደረት ነው። ሰባተኛው ሰይፉን ወደ ፊት መዘርጋት ነው፤ «ረጅሙ ጫፍ» ይባላል። ሰው በየትኛውም መንገድ ቢሰነዝር ከእነዚህ ከአንዱ ይነሣል፤ ወደ አንዱም ይደርሳል። ጀማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ሰባቱን በቃሉ ሊይዝ ይችላል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ዓመታት ይፈጃል።

የመጀመሪያውን ጨዋታ፣ ማለትም የመጀመሪያውን የሰይፍ ልውውጥ፣ ልንገራችሁ፤ የመጽሐፉ ልብ እዚያ ነውና። የኔታ በአንደኛው ዘብ ቆሟል። ሰይፉ በግራ ብብቱ ሥር ነው፤ ጫፉ ወደ ኋላ ያያል፤ ጋሻዋ ከፊቱ ናት። ተማሪው «ሀልፕሺልት» ወይም «ግማሽ ጋሻ» በሚባለው ይመጣበታል፤ ሁለቱ እጆቹ ጎን ለጎን ተዘርግተዋል፤ ሰይፉ ከጋሻዋ አጠገብ ሽቅብ ቆሟል። የኔታ ወደ ተማሪው ራስ አይሮጥም። ከተማሪው ሰይፍና ጋሻ ሥር በሰይፉ ይገባል። ብረት ብረትን ይነካል። አሁን ተራው የተማሪው ነው። ተራ ሰይፈኛ ከሆነ የየኔታ ራስ ክፍት ሆኖ ይታየዋል፤ ወደዚያው ይሰነዝራል፤ ያን ጊዜ ከሥር የገባው ሰይፍ ይወጋዋል። የተማረ ከሆነ ግን መጀመሪያ የየኔታን ሰይፍ ከላይ ሆኖ ያስራል፤ ይራመዳል፤ በጋሻዋ የየኔታን ሁለት እጆች ተጭኖ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ይመታል። ይህ መጫን ነው «ሺልትስላክ» የሚባለው። ስትጠብቅ የነበረችው ጋሻ በዚያች ቅጽበት የሌላውን እጅ ታስራለች። «ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እንዲሉ፣ አንዱን ሰይፍ ሁለት እጆች ተረዳድተው ዝም ያሰኙታል።

ክቡራን፣ የኔታ ተራውን ሰይፈኛ ከተማረው የሚለየው በዚህ ነው። ተራው ራስ ራስ ይላል፤ የተማረው ፊቱ ያለውን ብረት መጀመሪያ ያስተካክላል። ይህ ከሰባት መቶ ዓመት በፊት የተሣለው ስሕተት የእኔው ስሕተት ነበር።

የጀመርኩት ዕድሜዬ 40 ካለፈ በኋላ ነው። ማታ ማታ በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ የሚሰበሰቡ ሰዎች ነበሩ፤ ዕድሜያቸውም ሥራቸውም የተለያየ። የእንጨት ሰይፍና ቀላል ጋሻ አዋሱኝ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዓይኔ ከአጋሬ የፊት መከላከያ ላይ አይነሣም ነበር። ክፍት መስሎ ከታየኝ እሰነዝራለሁ። ቀኝ እጄ ወደ ፊት ሲወረወር ግራ እጄ ጋሻዋን ይዞ ወደ ወገቤ ይወርዳል። ሰው ሲሮጥ አንዱ እጅ ሲቀድም ሌላው ወደ ኋላ እንደሚሄድ ሁሉ፣ ሰውነት ይህን ማንም ሳያስተምረው ያደርገዋል። አንድ ማታ ጓንቴ ስስ መሆኑን እያወቅሁ እንደ ልማዴ ሰነዘርኩ። አጋሬ ምንም አልጨመረም፤ ሰይፉን ባለበት ዘረጋው እንጂ። አውራ ጣቴ ከሰይፉ ጋር ተጋጨች፤ ለሦስት ሳምንት ብዕር መያዝ አቃተኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ጋሻዋ በእጄ ነበረች፤ በቦታዋ ግን አልነበረችም።

ስመለስ መምህራችን አልገሠጸችኝም። ቁራጭ ጨርቅ አመጣችና ሁለቱን የእጅ አንጓዎቼን አንድ ክንድ በማይሞላ ልዩነት አሰረቻቸው። «እንዲህ ሆነህ ተራመድ» አለችኝ። ያን ማታ ሙሉ ሰይፍ ከሰይፍ አላጋጠምኩም። ከአንደኛው ዘብ ወደ ግማሽ ጋሻ፣ ከትከሻ ወደ ረጅሙ ጫፍ፣ ወዲያና ወዲህ ተመላለስኩ። ቀኙ ሲሄድ ግራው መከተል ግድ ሆነበት። ጨርቁ ሲፈታልኝ እጆቼ ለጥቂት ደቂቃ እንደ ታሰሩ ሆነው ቀሩ። ጋሻዋን ያወቅኋት ያን ጊዜ ነው። በግራ የምትያዝ የቀኝ እጅ ጓደኛ ናት።

ሁለቱ እጆች አብረው መሄድ ከለመዱ በኋላ ትምህርቱ ወደ ንክኪ ይሻገራል። ሁለት ሰይፎች ተገናኝተው ሲያያዙ «ማሰር» ይባላል፤ አሳሪ አለ፤ ታሳሪ አለ። የሰይፍ ስለት ከእጀታው አጠገብ ጉልበት አለው፤ ወደ ጫፉ ሲሄድ ፈጣን ቢሆንም ደካማ ነው። በስለትህ ሥር የሌላውን ጫፍ ከያዝክ ሕፃን ሆነህ ጎልማሳ ታቆማለህ፤ በጫፍህ የሌላውን ሥር ብትገፋ ጡንቻህ አይረዳህም። በዚህ ላይ ግፊቱ ራሱ ወሬ ያመጣል። አጋርህ አጥብቆ ከገፋህ ጉልበቱን ወደ ጎን ሰጥቷልና ዙረህ ትገባለህ። ከላላ ደግሞ መንገዱ ቀጥታ ነው። ይህን ለማየት ጊዜ የለም፤ ዓይን ይዘገያል። የሚሰማው እጅ ነው። ዓይነ ስውር በበትሩ ጫፍ መንገዱን እንደሚያነብ፣ ሰይፈኛም በስለቱ የሌላውን ሐሳብ ያነባል። እጅ እንዲህ የሚያነብ ከሆነ መጠበቅ አይገባውም ትላላችሁ?

ይህ ሁሉ እውቀት ሳይቋረጥ ከአባት ወደ ልጅ የመጣ እንዳይመስላችሁ። በእንግሊዝ በንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1285 የወጣው የለንደን ከተማ ደንብ ሰይፍና ባክለር ይዞ ሌሊት መዞርን ከለከለ፤ የባክለር ማስተማሪያ ቤት መክፈትንም እንዲሁ። ክልከላው ራሱ ትምህርት ቤቶቹ እንደነበሩ ይመሰክራል። በጣሊያን ጥበቡ ረጅም ዕድሜ አገኘ፤ የቦሎኛ መምህራን ወግ ተከታይ የሆኑት አንቶኒዮ ማንቾሊኖ በ1531፣ አኪለ ማሮትሶ በ1536 ያሳተሟቸው መጻሕፍት ለሰይፍና ለትንሿ ጋሻ ሰፊ ቦታ ሰጥተዋል። በ1599 ደግሞ ጆርጅ ሲልቨር የተባለ እንግሊዛዊ ባሳተመው መጽሐፍ ከጣሊያን የመጣውን ቀጭንና ረጅም ሰይፍ ተቃውሞ ለአገሩ አሮጌ ሰይፍና ባክለር ጥብቅና ቆመ። ጊዜው ግን አልፎ ነበር። ግራ እጅ ጩቤ ያዘ፤ ኋላም ባዶ ቀረ፤ ጠመንጃ ሁሉን ለወጠ። የሚያውቁት አረጁ፤ ያልተጻፈው አብሯቸው ተቀበረ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኤገርተን ካስልና አልፍሬድ ሃተን የተባሉ እንግሊዛውያን አሮጌዎቹን መጻሕፍት ፈልገው፣ አንብበው፣ በአደባባይ አሳይተው ነበር። የእነሱ ጥረት ከእነሱ ጋር ደከመ። ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራው ልምምድ የተስፋፋው ከ1990ዎቹ ወዲህ ነው። የየኔታን መጽሐፍ ጄፍሪ ፎርገንግ ተርጉመው ከነሥዕሎቹ በ2003 ካሳተሙት በኋላ ላቲን የማያውቅ ሰውም ገጽ በገጽ ሊያነብበው ቻለ።

ነገር ግን መጽሐፍ መምህርን አይተካም። ሥዕል የቆመ ነው፤ ውጊያ የሚንቀሳቀስ ነው። በአንዱ ሥዕልና በቀጣዩ መካከል የተደረገውን ማንም አልሣለውም። የእግርን አቀማመጥ ከሥዕሉ ብቻ ማወቅ ያስቸግራል። ስለዚህ ለአንዱ ጨዋታ ሁለትና ሦስት ትርጓሜ ይሰጣል፤ አንድምታን የምታውቁ ይህ አያስደነግጣችሁም። ትርጓሜው የሚፈተነው ግን በሰውነት ነው። ሁለት ሰዎች ይቆማሉ፤ አንዱ የኔታን፣ አንዱ ተማሪውን ይሆናል፤ ቀስ ብለው ይሄዱበታል። እዚህ ላይ ሁሉ ነገር የተመሠረተው በአጋር ታማኝነት ላይ ነው። አጋሬ ደስ እንዲለኝ ብሎ ከተሸነፈልኝ የተሳሳተ ትርጓሜ እውነት መስሎኝ ይዤ እሄዳለሁ። እልኸኛ ሆኖ ከቸኮለ ደግሞ ሁለታችንም የምንማረው መፍራትን ብቻ ነው። ጥሩ አጋር በተስማማንበት ፍጥነት ይሄዳል፤ ክፍት ካገኘ በእርጋታ ይነካኛል፤ ያልሠራሁትን ሠራህ አይለኝም። የጠፋ እውቀት የሚመለሰው እንዲህ ባለ ሰው እጅ ነው።

ወላጆች ብዙ ጊዜ ይጠይቁኛል፦ «ልጆቻችንን ሰይፍ ማስተማር ጠብ ማስተማር አይሆንም ወይ?» ጥያቄው የሚገባ ነው። የማውቀውን ልመልስ። በልምምድ አዳራሻችን የፊት መከላከያ ያላደረገ ሰው ላይ የሰይፍ ጫፍ አይደቀንም። «አቁም» የሚለው ቃል ከማንም አፍ ቢወጣ ሁሉም ያቆማል። የተነካ ሰው «ነካኸኝ» ብሎ ራሱ ይናገራል፤ ዳኛ አይጠብቅም። አንድ ወጣት ሽንፈቱን በገዛ አፉ መመስከርን በየሳምንቱ ሲለምድ አይቻለሁ፤ ከዚህ የበለጠ የጠብ መድኃኒት አላውቅም። ለሴት ልጆቻችሁም አንድ ነገር ልጨምር። በየኔታ መጽሐፍ የመጨረሻ ገጾች ላይ ተማሪው የለም። በቦታው ረጅም ቀሚስ የለበሰች ሴት ሰይፍና ጋሻ ይዛ ከቄሱ ጋር ትፋለማለች። ስሟ ዋልፑርጊስ ነው። ጸሐፊው መገኘቷን አያስተባብልም፤ ምክንያትም አይሰጥም፤ ጨዋታዋን ብቻ ይተርካል።

ለመጀመር ለምታስቡ ምክሬ አጭር ነው። ሰይፍ ለመግዛት አትቸኩሉ፤ ማኅበሮች ለጀማሪ ያውሳሉ። ገንዘባችሁ መጀመሪያ ለፊት መከላከያ፣ ለአንገት መከላከያና ለወፍራም ጓንት ይውጣ፤ በጓንት ላይ የቆጠበ ሰው ምን እንደሚያገኘው ነግሬያችኋለሁ። ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ ሰይፍ ጀምራችሁ፣ መምህራችሁ ሲፈቅድ ስለቱ የደነዘ ጫፉም የከበበ ብረት ያዙ። ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ብዙ ያልዘለለ ይሁን። ጋሻዋም ቀለል ትበል፤ የከበደች ጋሻ ትከሻን አድክማ ወደ ወገብ ትወርዳለች። ከቤት ወደ አዳራሽ ስትሄዱ ዕቃችሁን በተዘጋ ከረጢት ይዛችሁ በቀጥታ ሂዱ። ቤት ውስጥ በቀን 15 ደቂቃ ያለ ሰይፍ፣ በመስተዋት ፊት፣ ሁለት እጆቻችሁን አጋጥማችሁ ዘርጉ፤ እጅ ይቅደም፤ እግር ይከተል። ይህ አሰልቺ ነው ብላችሁ አትዝለሉት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉና አበው፣ በችኮላ የተማሩት ዘብ በመጀመሪያው ግጥሚያ ይበተናል።

ውድ ታዳሚዎች፣ መጀመሪያ የጠየቅሁት ጥያቄ አለብኝ፤ ይቺ ጋሻ ለምን ትሆናለች? ለሚዘረጋ እጅ ትሆናለች። እጁን ሰብስቦ ለሚቆም ሰው ሰፊ ጋሻ ይሻለዋል፤ ይህች ምንም አትጠቅመውም። ወደማያውቀው ነገር እጁን የሚልክ ሰው ግን ከአጠገቡ የምትሄድ ትንሽ ነገር ትበቃዋለች። እኔ እጄን ወደ ሰባት መቶ ዓመት ርቀት ስዘረጋ ከአጠገቤ የነበሩት ሁለቱን እጆቼን ያሰረች መምህርና ሳይቆጣኝ፣ ሳይዋሸኝም የነካኝ አጋር ነበሩ።

ጋሻዋን ጠረጴዛው ላይ አኖራታለሁ። የእንጨት ሰይፎቹም ከጎኗ ናቸው። ልጆችም ሽማግሌዎችም እየመጣችሁ ያዟት። በግራ እጃችሁ ዘርጉ፤ ቀኛችሁን አጋጥሙ፤ አንድ እርምጃ ተራመዱ። የየኔታ የመጀመሪያ ትምህርት ይኸው ነው።